የቡናው ገቢ አደገ፤ ግን ከምን ጋር ሲነጻጸር?

በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች። የ2016ቱ ገቢ 1.43 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ቁጥሩ ከተነገረ ወዲህ ጅማ ውስጥ ቡና የሚያመርተውም፣ የሚሰበስበውም፣ ፌስቡክ ላይ የሚከራከረውም አንድ ጥያቄ ላይ ተጠምዷል። ይህን ያመጣው ምንድን ነው?

አንዱ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው ይላል። ሌላው ችግኝ ተከላውና ጉንደላው፣ ማለትም ያረጀ ቡና ተቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ መደረጉ፣ አሁን ፍሬ ሰጠ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ብራዚልን ድርቅ ስለመታት የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ፣ እኛ ምንም አላደረግንም ባይ ነው።

ሦስቱም የሚያነሱት ነገር በእርግጥ ሆኗል። ነገር ግን ሦስቱም የሚያቀርቡት ማስረጃ ያው አንድ ነው፦ በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ። ከአንድ ቁጥር ሦስት ታሪክ ከወጣ ቁጥሩ ብቻውን ዳኛ መሆን አልቻለም ማለት ነው። ይህ የባለሙያ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ በመሳሰሉት የጅማ ዞን ቡና አብቃይ አካባቢዎች ያለ ቤተሰብ የልጁ ደብተርም የቤቱ ቆርቆሮም ከቡና ነው የሚወጣው። ምክንያቱን ከሳትነው የሚቀጥለውንም ፖሊሲ እንስታለን፤ ዋጋው የወረደ ዕለት ዕዳው የሚያርፈው እዚያ ቤት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ክርክር ለመፍታት የንጽጽር ጥናት ምን ያህል ይረዳል? የት ላይስ ያሳስታል? እስቲ በቅርብ ምሳሌዎች እንየው።

ባይደረግ ኖሮስ?

የአንድ ፖሊሲ ውጤት ማለት ፖሊሲው ከወጣ በኋላ የታየው ሁሉ አይደለም። ውጤቱ አሁን በሚታየውና ፖሊሲው ባይወጣ ኖሮ ሊታይ በሚችለው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። አልሆነምና ማንም አያየውም፣ ማንም አይለካውም። ተመራማሪዎች ለዚህ ያልሆነ ሁኔታ የተለያየ ስም ይሰጡታል፤ እዚህ «ባይሆን ኖሮ» እንበለው። የንጽጽር ጥናት ሥራው ለዚህ ለማይታየው ነገር የሚታይ ምትክ መፈለግ ነው፤ ፖሊሲው ያልደረሰበት ወረዳ፣ ሌላ አገር፣ ሌላ ምርት፣ ወይም ያው ወረዳ ራሱ በሌላ ጊዜ።

ከምትኮቹ ሁሉ ደካማው የመጨረሻው ነው፣ ያው ቦታ በሌላ ጊዜ። ለምን እንደሆነ ለቡና ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ከሰጠ በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል። አርፎ በከረመበት ዓመት ማግስት አዲስ ፖሊሲ ቢወጣ፣ ፖሊሲው ምንም ባይሠራ እንኳ ምርቱ ይጨምራል። ያለፉትን ዓመታት የወጪ ንግድ ተመልከቱ። በ2014 በጀት ዓመት 300 ሺህ ቶን ገደማ ተላከ፣ በ2015 ወደ 240 ሺህ ገደማ ወረደ፣ በ2016 ተመልሶ ወደ 298 ሺህ ገደማ ወጣ። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፣ የ2017 በጀት ዓመት ከጀመረ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ስለዚህ መውረድና መውጣቱ ከዚያ ውሳኔ በፊትም ነበረ። መነሻ አድርገን የያዝነው ዓመት ክፉ ከሆነ ቀጥሎ የመጣው ሁሉ ስኬት ይመስላል፤ መነሻው መልካም ዓመት ከሆነ ደግሞ ጥሩ ፖሊሲም ውድቀት ይመስላል።

ቁጥሩን ስንፈታው

ከማወዳደራችን በፊት የምናወዳድረውን ነገር መፍታት አለብን። ገቢ ማለት መጠን ሲባዛ በዋጋ ነው። በ2017 የተላከው ቡና 469 ሺህ ቶን ገደማ ደርሷል፤ ከ2016ቱ ጋር ሲተያይ የ57 በመቶ ገደማ ጭማሪ ነው። ገቢውን ለመጠኑ ስናካፍለው አንድ ኪሎ በአማካይ ከ4.80 ዶላር ገደማ ወደ 5.65 ዶላር ገደማ ከፍ ብሏል፤ 18 በመቶ ገደማ። እንግዲህ «ሁሉም የዓለም ዋጋ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይዳከማል፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው መጠኑ ነው።

ግን ቶሎ አንደምድም። መጠንም ለዋጋ ይታዘዛል። ዋጋ ሲንር መጋዘን ውስጥ የከረመ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ይወጣል፣ ነጋዴው ያስቀመጠውን ይሸጣል። ምንዛሪውም እንዲሁ መጠኑን ይነካል፤ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ሳለ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለነበር ቡናን በኮንትሮባንድ ማውጣት ይማርክ ነበር፣ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ግን በሕጋዊው በር የሚልክ ሰው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ጨመረ። በዚህ መንገድ አንድ ዛፍ ሳይጨምር በመዝገብ የሚታየው መጠን ሊያድግ ይችላል። ጉንደላውና ችግኙ ከሆነ ግን በእርግጥም የለቀምነው ቡና ጨምሯል ማለት ነው። ሁለቱ ለአገር አንድ አይደሉም፤ አንደኛው ቡናው የወጣበትን በር ቀየረ፣ ሌላኛው ቡናውን አበዛ።

ኡጋንዳን ጎን ለጎን ስናስቀምጣት

ኡጋንዳም ቡና ላኪ ናት። ምንዛሪዋን ለገበያ የለቀቀችው ከ30 ዓመት በፊት ነው። በእኛ የ2017 በጀት ዓመት አካባቢ የቡና ገቢዋ ከ1 ቢሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ካለ መጠን ተነስቶ 2 ቢሊዮን ዶላርን አለፈ። በመቶኛ ሲታይ ከእኛ ዕድገት አያንስም። በዚያው ዓመት የምንዛሪ ለውጥ አላደረገችም። እንዲያውም በ2024 እ.አ.አ. መጨረሻ የቡና ልማት ባለሥልጣኗን አፍርሳ ሥራውን ለግብርና ሚኒስቴር ሰጥታለች። «በፊትና በኋላ»ን ብቻ የሚያይ ሰው ካምፓላ ቢቀመጥ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ማፍረስ የቡና ገቢን በእጥፍ ያሳድጋል ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። ይህ ስህተት መሆኑ ወዲያው ይታየናል፤ የራሳችንን ስንጽፍ ግን ያው ስህተት አይታየንም።

ሁለቱን አገሮች የነካ አንድ ትልቅ ነገር አለ። በየካቲት 2017 የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በታሪኩ ያልታየ ዋጋ ነው። ኡጋንዳ በብዛት የምታመርተው ሮቡስታም ዋጋው በጣም ንሯል። ታዲያ ከእኛ ዕድገት የኡጋንዳን ዕድገት ብንቀንስ የሚቀረው ትንሽ ነውና የእኛ ፖሊሲ ምንም አልሠራም ማለት ነው? አይደለም። ኡጋንዳ ፖሊሲ የሌላት አገር አይደለችም፤ ለዓመታት ችግኝ በገፍ ስታድልና ስትተክል ቆይታለች፣ የዚያም ፍሬ በቁጥሯ ውስጥ አለ። ማነጻጸሪያችን የራሱ መድኃኒት የወሰደ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ንጽጽር አንድ ነገር ብቻ ያደርግልናል፤ ከውጭ የመጣው ነፋስ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር ያሳየናል። የእኛን ቀዘፋ ለብቻው አይለካልንም።

የበለጠ የሚያሳየን አገር ውስጥ ያለው ንጽጽር ይመስለኛል። ጭማሪውን ያመጣው የኮንትሮባንድ መቀነስ ከሆነ፣ ወደ ገበያ የገባው ቡና ይበልጥ መጨመር ያለበት ለድንበር ቅርብ በሆኑ አካባቢዎች ነው፣ እንደ ጅማ መሃል አገር ባሉት ላይ ጭማሪው ያንሳል። ጉንደላው ከሆነ ደግሞ ድንበር ቀረበም ራቀ ጭማሪው የሚታየው ቡናቸውን ከሦስት ከአራት ዓመት በፊት በብዛት የጎነደሉ ወረዳዎች ላይ ነው። የዓለም ዋጋው ብቻ ከሆነ ሁሉም አካባቢ ተቀራርቦ ይጨምራል። ሦስቱ ታሪኮች በአገር አቀፉ ቁጥር ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ወረዳ በወረዳ ሲታዩ ግን የተለያየ አሻራ ይተዋሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በየወረዳው የንግድና የግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ይመዘገባል። ሰብስቦ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

የልዩነት ልዩነት

ቅድም ከእኛ ዕድገት ላይ የኡጋንዳን ዕድገት የቀነስንበት ዘዴ ስም አለው፣ «የልዩነት ልዩነት»። ሁለት ቡድን ወስደህ የእያንዳንዱን የበፊትና የኋላ ልዩነት ትለካለህ፣ ከዚያ አንዱን ልዩነት ከሌላው ትቀንሳለህ። ሁለቱን እኩል የነካ ነገር ሁሉ ይጣፋል።

ጥሩ ምሳሌው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው፤ ኦሮሚያ ውስጥ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ለውጥ በፊት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሆነ። አፍ መፍቻው አማርኛ ለሆነ ልጅ ቋንቋው አልተለወጠም። አፍ መፍቻው አፋን ኦሮሞ ለሆነው ተለወጠ። ተመራማሪዎች ይህንን ተጠቅመው ከለውጡ በፊትና በኋላ ትምህርት የጀመሩትን የሁለቱን ቋንቋ ተናጋሪዎች አነጻጸሩ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር የማንበብ ችሎታን እንዳሻሻለ አገኙ። በዚያ ዘመን መንግሥት ተለውጧል፣ ጦርነት ቆሟል፣ አዳዲስ ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ሁለቱንም እኩል እስከነካ ድረስ ይህ ሁሉ ይቀነሳል። እኩል ካልነካ ግን፣ ለምሳሌ አንዱ ክልል ውስጥ ብቻ ትምህርት ቤት በብዛት ተሠርቶ ከሆነ፣ ዘዴው ያንን የቋንቋው ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት ስናነብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ከለውጡ በፊት ሁለቱ ቡድኖች በተመሳሳይ ፍጥነት ይጓዙ ነበር ወይ የሚለውን ነው።

ሊሙ ኮሳና የጤና መድኑ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በሙከራ ሲጀመር በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመረጡ። ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዷ የጅማ ዞኗ ሊሙ ኮሳ ናት። ሙከራ ስለሆነ ማነጻጸር ቀላል ይመስላል፤ መድኑ ያለበትን ወረዳና የሌለበትን ማየት ነው።

ቀላል አይደለም። ወረዳዎቹ በዕጣ አልተመረጡም። አስተዳደሩ ፈቃደኛ መሆኑ፣ ጤና ጣቢያዎቹ ለመንገድ ቅርብ መሆናቸውና አገልግሎታቸው የተሻለ መሆኑ ታይቷል። ለአሠራሩ ይህ ትክክል ነው፤ ሙከራ ሊሠራ በሚችልበት ቦታ ነው የሚጀመረው። ለንጽጽር ግን ወጥመድ ነው። መንገድ የቀረበው፣ ጤና ጣቢያው የተሻለው፣ አመራሩ የነቃው ወረዳ መድን ባይኖረውም ሰው ይታከምበታል። ይህ «የምርጫ አድልዎ» ይባላል። ሆን ተብሎ የሚደረግ አድልዎ አይደለም፣ ፖሊሲው የደረሰበት ቦታ ከመጀመሪያውም ካልደረሰበት የተለየ ሆኖ ሲገኝ ማለት ነው። ቤተሰብ ደረጃም አለ። አባልነቱ በፈቃድ ነበር፤ ሕመምተኛ ያለበት ቤት መዋጮውን ቶሎ ይከፍላል። ከዚያ አባላቱ ከሌሎች የበለጠ ጤና ጣቢያ ይመላለሳሉ ብንል መድኑ አመላለሳቸው ወይስ መጀመሪያውኑ ታመው ነበር?

ሙከራውን ያጠኑት ሰዎች ይህን ያውቁ ስለነበር መድኑ ሳይጀመር በዚያው በ2003 (2011 እ.አ.አ.) ቤተሰቦችን ጠየቁ፤ 12 መድን የሚጀመርባቸውና 4 የማይጀመርባቸው ወረዳዎች ውስጥ ያሉ ከ1,600 በላይ ቤተሰቦች። ከዚያ እነዚያኑ ቤተሰቦች በተከታታይ ሁለት ዓመት ተመልሰው ጠየቁ። ያው ቤት ከራሱ ጋር፣ ደግሞም መድን ከሌለበት ወረዳ ጋር ተነጻጸረ። የተመላላሽ ሕክምና መጠቀም ጨምሮ፣ ለሕክምና ተብሎ የሚገባ ብድርም ቀንሶ ተገኘ። ይህ «መድኑ ከመጣ ወዲህ ሕክምና ጨመረ» ከሚል ዘገባ ጋር አይወዳደርም። ልዩነቱን የፈጠረው ሒሳቡ ሳይሆን ጊዜው ነው፤ መነሻውን ቀድመው ለኩ። በኋላ ማንም ተመልሶ ሊለካው አይችልም ነበር።

ጅማና ሀዋሳ

በከተማችን ወሬ ውስጥ በጣም የተለመደው ንጽጽር ይህ ነው። ሀዋሳ ደረሰች፣ ጅማ ቀረች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሁልጊዜ ይነሳል፤ አንድ መንግሥት፣ አንድ ዓይነት ፖሊሲ፣ የሀዋሳው ተነሳ የጅማው ግን በሚጠበቀው ልክ አልሄደም፣ ስለዚህ ጥፋቱ የአመራር ነው ይባላል።

ሊሆን ይችላል። ግን የሀዋሳው ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ነው፣ የጅማው ኅዳር 2011። ሁለቱም ያነጣጠሩት ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ በሚያስገባው አጎዋ ላይ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከዚያ የታገደችው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 (ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 እ.አ.አ.) ጀምሮ ነው። ሀዋሳ በዚህ ዕድል ከአምስት ዓመት በላይ ሠርታለች፣ ጅማ ሦስት ዓመት ገደማ፤ ከሦስቱም ዓመት ላይ ኮሮና ብዙውን ወሰደ። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀትም አንድ አይደለም፣ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጅማ 350 ገደማ፤ ከጂቡቲ ወደብ ሲታሰብ ደግሞ እያንዳንዱ ኮንቴይነር ላይ የሚጨመር ወጪ ነው። የተለያየው አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ ውጤቱን ለእሱ መስጠት ይቻል ነበር። አራት ነገር ተለያይቶ ሁለት ከተማ ብቻ ሲኖረን ግን የፈለግነውን ምክንያት መምረጥ እንችላለን፤ መረጃው አይከለክለንም። ለዚህ ነው ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ቢያንስ ሦስትና አራት ፓርክ አብረው የሚያዩት፣ እንደ ጅማ ዘግየት ብለው የተከፈቱትን ጭምር።

ጎን ለጎን የሚነሱ ተቃውሞዎች

ሦስት ተቃውሞዎች ይደጋገማሉ፣ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ታሪክ አለው፣ ማነጻጸር አይቻልም የሚለው ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ቦታ ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። ሆኖም «ፖሊሲው ጠቀመ» ያለ ሰው ሳያውቀው አነጻጽሯል፤ ከባለፈው ዓመት ጋር ወይም ልቡ ውስጥ ካለው ግምት ጋር። ምርጫው በግልጽ ማነጻጸር ወይም ሳይናገሩ ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ለማነጻጸር ሲባል አንዱን ወረዳ መድን ወይም ድጋፍ መንሳት ግፍ ነው ይላል። ለሁሉም የሚዳረስ ገንዘብ እያለ ለጥናት ብሎ ማስቀረት በእርግጥም ግፍ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ አይበቃም፤ አንዱ ዘንድሮ ሌላው ከርሞ መድረሱ አይቀርም። ሜክሲኮ በ1997 እ.አ.አ. ለድሃ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲሄዱ ገንዘብ መስጠት ስትጀምር 506 መንደሮች ተለዩ፣ በዕጣ 320ዎቹ ቀድመው ገቡ፣ 186ቱ ቆይተው ገቡ። ወረፋውን ዕጣ ስለወሰነው ዘመድና ጉልበት አልወሰነውም፣ ውጤቱም ጥርት ብሎ ተለካ። ቅደም ተከተል መኖሩ ካልቀረ በዕጣ መሆኑ ከሁለቱም በኩል የተሻለ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ንጽጽር ስንት እንደተለወጠ እንጂ ለምን እንደተለወጠ አይነግረንም የሚለው ነው። እውነት ነው። ሊሙ ኮሳ ውስጥ አንድ ቤተሰብ መዋጮውን ለምን እንዳቋረጠ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቁጥሩ የት ሄደን እንደምንጠይቅ ያሳየናል።

በደጃችን ያለው ሥራ

አሁን ጅማ ውስጥ የሚነሳው ሌላው ነገር የኮሪደር ልማቱ ነው። በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ጅማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ደርሷል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚዘዋወሩት ፎቶዎች «በፊት» እና «አሁን» ናቸው። ፎቶው የመንገዱን መለወጥ በትክክል ያሳያል። የነጋዴው ገቢ፣ የቤት ኪራዩ፣ ከቦታቸው የተነሱት ሰዎች ኑሮ ግን ፎቶ ላይ አይወጣም።

የተሠራውን መንገድ ካልተሠራው ጋር ብናነጻጽርስ? እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በአዲሱ መንገድ ላይ ያለው ካፌ ደንበኛ ቢጨምር ደንበኛው የመጣው ከየት ነው? እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ካለው ካፌ ከሆነ አንዱ ያገኘው ሌላው ያጣው ነው። ሁለቱን መንገድ ያነጻጸረ ሰው ደግሞ ያንኑ ደንበኛ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል፣ እዚህ ሲጨምር፣ እዚያ ሲጎድል። ተመራማሪዎች ይህን «የውጤት መፍሰስ» ይሉታል፤ ውጤቱ ከድንበሩ አልፎ ማነጻጸሪያውን ሲነካ ማለት ነው። መፍትሔው ከተማዋን በሙሉ ከሌላ ተቀራራቢ ከተማ ጋር ማየት፣ ወይም ገና ሥራ ያልተጀመረባቸውን ሰፈሮች ከአሁኑ መመዝገብ ነው፤ ስንት ሱቅ አለ፣ ኪራይ ስንት ነው፣ ማን ይኖራል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር የታወቀ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቆጠራ የሚሆን የሰው ኃይል ከተማዋ ውስጥ አለ።

ወደ ቡናው ስንመለስ፣ ለሦስቱ ተከራካሪዎች የተሻለው ዳኛ የዓለም ዋጋ የሚወርድበት ጊዜ ነው። ዋጋው ወርዶ የምንልከው መጠን ከ400 ሺህ ቶን በላይ ከቆየ ምንዛሪውና ጉንደላው ጉልህ ድርሻ ነበራቸው ማለት ይሆናል። መጠኑም አብሮ ከወረደ፣ በተለይ ኡጋንዳም በዚያው ልክ ከወረደች፣ ያለፈው ጭማሪ ብዙው የዋጋው ሥራ ነበር ወደሚለው እናዘነብላለን። ቡና ዓመት ስለሚያርፍ በአንድ ዓመት ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ቢያንስ የሁለት ተከታታይ ዓመት አማካይ መውሰድ ያስፈልጋል፣ እሱም የጅማ፣ የወለጋ፣ የሲዳማና የሐረርጌ እየተባለ ለየብቻው።